የማንጋ ተጽዕኖ ያለበት ሱፐርሂሮ ሲጠበቅ፤ ጠባቂው በትክክል የሚጠብቀው ምንድን ነው?

አንድ አሳታሚ አዲስ የሱፐርሂሮ (ልዩ ኃይል ያለው ጀግና) ኮሚክ፣ ማለትም በተከታታይ ሥዕል የሚተረክ ታሪክ፣ ሊያወጣ መሆኑን ሲያስታውቅ በመጀመሪያ የሚለቀው ጥቂት ነገር ነው። የሽፋን ሥዕል፣ የደራሲና የሰዓሊ ስም፣ ሦስት አራት መስመር መግለጫ፤ ያ ብቻ ነው። በመግለጫው ውስጥ «የማንጋ ተጽዕኖ ያረፈበት» የሚል ሐረግ ከተገኘ ግን የአድናቂው ወሬ መልኩን ይቀይራል። ሽፋኑን አጉልቶ የጀግናውን ፀጉርና ዓይን የሚመረምር አለ። የሰዓሊውን የድሮ ሥራ አውጥቶ የሚያገላብጥ አለ። «በስንት ገጽ ነው የሚወጣው?» ብሎ የሚጠይቅም አለ። ከሦስቱ ቁም ነገሩን የያዘው የመጨረሻው ይመስለኛል። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ግን ማንጋ ገጽን ምን እንደሚያደርገው ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

በቅድሚያ ቃሉ። ማንጋ በጃፓንኛ ኮሚክ ማለት ነው፤ የአንድ የአሳሳል ስልት ስም አይደለም። ጃፓን ውስጥ ስለ ቅርጫት ኳስ፣ ስለ ምግብ አብሳይ፣ ስለ ቢሮ ሠራተኛ፣ ስለ ሳሙራይ የተሠራ ማንጋ አለ፤ ትልልቅ ዓይንና የሾለ ፀጉር የሌለበትም ሞልቷል። ስለዚህ አንድ የአሜሪካ ሰዓሊ የጀግናውን ዓይን አተልቆ ቢስል ከማንጋ የወሰደው ቆዳውን ነው። አጥንቱ ያለው ጊዜን በሚይዝበት መንገድ ላይ ነው።

አንድ ቡጢ እንውሰድ። በቆየው የአሜሪካ አሠራር ጀግናው በአንድ ሳጥን (ገጹ ላይ በመስመር በተከበበ አንድ ሥዕል) ውስጥ ክንዱን ወደ ኋላ ይስባል፤ በዚያው ሳጥን ውስጥ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይናገራል። በሚቀጥለው ሳጥን ቡጢው ያርፋል፤ ባላንጣው ይበራል፤ የምቱ ድምፅ በትልቅ ፊደል ይጻፋል። አለቀ። የገጹ ግማሽ እንኳን አልተነካም፤ ታሪኩ ወደ ሌላ ነገር ያልፋል።

ያንኑ ቡጢ የማንጋ ሰዓሊ ሲይዘው ከእግር ሊጀምር ይችላል። አንደኛው ሳጥን ውስጥ የጫማው ጫፍ አፈር ውስጥ ሲሰምጥና ጠጠር ሲፈናጠር ይታያል። ቀጥሎ የባላንጣው አንድ ዓይን ብቻ አለ፤ እየተከፈተ ያለ ዓይን። ከዚያ ሰማዩም ሕንጻውም ጠፍቶ ወደ አንድ ነጥብ የሚሰበሰቡ ጥቁር መስመሮች ብቻ ይቀራሉ። ገጹን ስንገልጥ ሁለት ገጽ ሙሉ ቡጢው አለ፤ አንዲት ቃል የለም። በሚቀጥለው ገጽ ከሩቅ የአንድ ሕንጻ መስኮት ሲንቀጠቀጥ እናያለን፤ ድምፁ የሚጻፈው እዚያ ነው። ቡጢው አንድ ነው፤ የወሰደው ግን አምስት ገጽ ነው።

ይህን ሲሰሙ «ታዲያ ይህ ታሪኩን ማንዛዛት አይደለም?» የሚሉ አሉ። አይደለም። አምስቱ ገጾች ላይ ቃል ስለሌለ ዓይን እየሮጠ ያልፋቸዋል። ሁለቱን የአሜሪካ ሳጥኖች ከነንግግራቸው ለማንበብ የሚወስደው ጊዜና አምስቱን ገጾች ለማየት የሚወስደው ጊዜ ያን ያህል አይራራቅም። ማንጋ ገጽ ያባክናል እንጂ የአንባቢውን ጊዜ አያባክንም። ገጽ መግለጥ ራሱ የታሪኩ ሰዓት ይሆናል፤ ፈጠን ሲል ፈጠን፣ ቆም ሲል ቆም።

መስመሮቹም ቢሆኑ ከሚመስለው በላይ ነገር አላቸው። በተለመደው የአሜሪካ ሥዕል የፍጥነት መስመር ከሚሮጠው ሰው ጀርባ ይሰመራል፤ ሕንጻው፣ መኪናው፣ አላፊ አግዳሚው ባለበት ጥርት ብሎ ይታያል። አንባቢው መንገድ ዳር ቆሞ ሯጩ ሲያልፍ የሚያይ ሰው ነው። በማንጋ ግን ብዙ ጊዜ ሯጩ ጥርት ብሎ ይቆምና መስመር የሚሆነው አካባቢው ነው። አንባቢው አብሮ እየሮጠ ነው ማለት ነው። የኮሚክን አሠራር ራሱ በኮሚክ ያስረዳው ስኮት ማክላውድ እ.ኤ.አ. በ1993 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ባሳተመው መጽሐፉ ይህን ልዩነት በደንብ አሳይቷል። ከዚህም ሌላ በአሜሪካ ኮሚክ ከሳጥን ወደ ሳጥን የሚደረገው ሽግግር በአብዛኛው ከድርጊት ወደ ድርጊት መሆኑን፣ የጃፓኖቹ ግን ጊዜው ሳይንቀሳቀስ የአንድን ስፍራ ልዩ ልዩ ገጽታ እያፈራረቁ እንደሚያሳዩ አስተውሏል። ዝናብ፣ የበር እጀታ፣ የቀዘቀዘ ሻይ፣ የሰው ትከሻ። ምንም አልተደረገም፤ አንባቢው ግን ክፍሉ ውስጥ ገብቷል። ማክላውድ ይህን ከውጭ ሆኖ ያጠና ሰው ብቻ አይደለም። እሱ ራሱ ከ1984 ጀምሮ ዞት የተባለ ሱፐርሂሮ ሲሠራ የማንጋን ትምህርት በሥራ ላይ አውሎታል፤ ያኔ አብዛኛው የአሜሪካ አንባቢ ማንጋ የሚባል ነገር መኖሩን እንኳ አያውቅም ነበር።

ይህ የጊዜ አያያዝ ከየት መጣ? ከፊሉ ከፊልም ነው። ጃፓናዊው የማንጋ ሰዓሊ ኦሳሙ ቴዙካ በ1947 በወጣው «አዲሱ ውድ ሀብት ደሴት» መክፈቻ ላይ አንድ ልጅ መኪና እየነዳ ወደ ወደብ ሲከንፍ የሚያሳዩ ገጾችን ሠራ። መኪናው ይቀርባል፣ ያልፋል፣ ይርቃል፤ የካሜራ ዓይን የሚከተለው ይመስላል። የጊዜው ወጣት አንባቢዎች ሥዕሉ የሚንቀሳቀስ መስሏቸው ተገርመዋል፤ ከእነሱ ውስጥ ብዙዎቹ በኋላ ራሳቸው ሰዓሊ ሆነዋል። ቴዙካ ደግሞ የዲዝኒን ካርቱን አጥብቆ የሚወድ ሰው ነበር። ትልቁ የማንጋ ዓይን የጃፓን ብቻ ነው ብሎ የሚከራከር ካለ ይህን ቢያስታውስ ጥሩ ነው፤ ዘሩ በከፊል ከአሜሪካ የተሻገረ ነው።

በጠቅላላው በሁለቱ አገሮች መካከል ያለው ነገር የአንድ አቅጣጫ ጉዞ ሆኖ አያውቅም። ሱፐርማን በ1938 ከመታተሙ በፊት ጃፓን ውስጥ በመንገድ ላይ የሥዕል ትርኢት ልጆች የሚሰበሰቡለት የራስ ቅል ፊት ያለው፣ ካባ ለባሽ፣ በሰማይ የሚበር ኦጎን ባት የተባለ ጀግና ነበር። በ1978 ደግሞ ቶኤይ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ከአሜሪካው የኮሚክ አሳታሚ ከማርቭል ፈቃድ ወስዶ የሸረሪት ሰውን (ስፓይደርማንን) ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ሠራና ለጀግናው ግዙፍ ሮቦት ሰጠው። አሜሪካዊ አንባቢ ቢያየው ግራ ይጋባ ነበር፤ የጃፓን ልጆች ግን ወደዱት። በማግስቱ ዓመት የቶኤይ ባለቀለም ልብስ የጀግኖች ቡድን ድራማም ግዙፍ ሮቦት ተጨመረለትና ልማዱ በዚያው ቀረ። ያ ዘር ነው በ1993 ተመልሶ ወደ አሜሪካ ሄዶ «ፓወር ሬንጀርስ» የሆነው። ዛሬ «የማንጋ ተጽዕኖ» የምንለው ነገር ውስጥ አሜሪካ የላከችው ዕቃ ተቀይሮ የተመለሰበት ብዙ አለ።

ወደ አሜሪካ ኮሚክ በቀጥታ የገባው ተጽዕኖ በግልጽ የሚታየው ከ1980ዎቹ ጀምሮ ነው። አሜሪካዊው የኮሚክ ደራሲና ሰዓሊ ፍራንክ ሚለር ከ1970 እስከ 1976 ጃፓን ውስጥ የታተመውን የሳሙራይና የሕፃን ልጁን ማንጋ አይቶ ነበር፤ በ1983 የጀመረው «ሮኒን» ያንን ዝምታና ያንን የሰይፍ ምት በአሜሪካ ገጽ ላይ ለማስፈር የተደረገ ሙከራ ነው። በ1988 የማርቭል ቅርንጫፍ የሆነው ኤፒክ የካትሱሂሮ ኦቶሞን «አኪራ» የተባለ ማንጋ በቀለም አድርጎ ማተም ጀመረ። በዚያ ዘመን የሚተረጎመው ማንጋ እንደ መስታወት ምስል ይገለበጥ ነበር፤ ጃፓንኛው ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚነበብ። ውጤቱም ሰይፈኞቹ ሁሉ ግራኝ ሆኑ! ሳይገለበጥ ማተም የተለመደው በ2000ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ከዚያ በኋላ አንድ ትውልድ አንባቢ ከቀኝ ወደ ግራ እያነበበ አደገ። ዛሬ የማንጋ ተጽዕኖ ያለበትን አዲስ ተከታታይ የሚጠብቁት ብዙዎቹ የዚያ ትውልድ ልጆች ናቸው። ለእነሱ ማንጋ መጀመሪያ ያነበቡት ነገር ነው፤ የሱፐርሂሮ ኮሚክ የመጣው በኋላ ነው።

አሁን ወደዚያ የገጽ ጥያቄ እንመለስ።

የአሜሪካ ወርሃዊ ኮሚክ በተለምዶ ከ20 እስከ 22 ገጽ ታሪክ ይይዛል። በዓመት ወደ 250 ገጽ ነው። በጃፓን ሳምንታዊ መጽሔት ላይ የሚወጣ ማንጋ ደግሞ በየሳምንቱ ወደ 19 ገጽ ያህል ይወጣል፤ እረፍቱን ቀንሰን ብናሰላ በዓመት ወደ 900 ገጽ ይጠጋል። ከላይ ያየነው ባለ አምስት ገጽ ቡጢ ለጃፓናዊው አንባቢ የአንድ ሳምንት ሩብ ነው። ለአሜሪካዊው አንባቢ የአንድ ወር ሩብ ነው። 60 ገጽ የሚፈጅ ፍልሚያ ጃፓን ውስጥ በሦስት ሳምንት ያልቃል፤ አሜሪካ ውስጥ ሦስት ወር ያስጠብቃል፤ ለዚያውም ሰዓሊው ካልዘገየ።

የማንጋን ፍጥነት በአሜሪካ መርሐ ግብር ላይ ማስቀመጥ የሚከብደው በዚህ ነው። በ2000 ገደማ የአሜሪካ ደራሲዎች ታሪክን ዘርጋ አድርገው መተረክ ሲጀምሩ ችግሩ ወዲያው ታየ። የሸረሪት ሰው አመጣጥ በ1962 ለመጀመሪያ ጊዜ የተነገረው በ11 ገጽ ነበር። በ2000 እንደ አዲስ ሲተረክ ሰባት እትም ፈጀ። ሰባቱን አንድ ላይ በመጽሐፍ መልክ ያነበበ ሰው ጀግና የሚሆነውን ልጅ በደንብ ያውቀዋል፤ የልጁ አጎት ሞት ከ11 ገጹ ይበልጥ ያመዋል። በየወሩ እየጠበቀ ያነበበው ሰው ግን ግማሽ ዓመት ሙሉ «መቼ ነው የሚጀምረው?» ሲል ቆይቷል። ሁለቱም አንባቢዎች ትክክል ናቸው። ያነበቡት አንድ ታሪክ ቢሆንም የተሰጣቸው ሰዓት የተለያየ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። አድናቂው ብዙ ገጽ ሲፈልግ ያንን ገጽ የሚሠራ ሰው አለ። የጃፓኑ ፍጥነት የሚገኘው ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ፣ ዋናው ሰዓሊ የኋላ ገጽታ የሚሠሩለት ረዳቶች ስላሉት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሰዎቹ እንቅልፋቸውን እያጡ ስለሚሠሩ ነው። በሕመም ምክንያት የሚቋረጡ ተከታታዮች ብዙ ናቸው። የማንጋን ውጤት ስንመኝ ያንን የአሠራር ጫና ለአሜሪካ ሰዓሊም እንመኝለት ማለት የለብንም። ገጽ የሚጨመርበት ሌላ መንገድ አለ፤ በየወሩ ከማውጣት ይልቅ በዓመት አንድ ወይም ሁለት ወፍራም ቅጽ ማውጣት።

ይህ መንገድ እንደሚሠራ የሚያሳይ አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። በ2003 ማርቭል የማንጋ አንባቢዎችን ለመሳብ ሱናሚ የሚል ስም የሰጠው የተከታታዮች ስብስብ አወጣ። ከእነሱ አንዱ ወላጆቻቸው ክፉዎች መሆናቸውን ስለሚደርሱበት ልጆች የሚተርከው «ራናዌይስ» ነበር። ደራሲው ብራያን ቮን፣ ሰዓሊው ኤድሪያን አልፎና። ልጆቹ የሱፐርሂሮ ልብስ የላቸውም፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳልፉት እርስ በርስ በመጠራጠርና በመሸሽ ነው። ወርሃዊው እትም በቂ አልተሸጠምና ከ18ኛው በኋላ ቆመ። ነገር ግን ታሪኩ በማንጋ መጠን፣ በትንሽ መጽሐፍ፣ ረከስ ባለ ዋጋ ተሰብስቦ ሲወጣ ሰው ገዛው፤ በሽያጩ ምክንያት በ2005 ተከታታዩ እንደገና ተጀመረ። ታሪኩ አልተቀየረም፤ ሥዕሉም አልተቀየረም። የተቀየረው በእጅ የሚያዝበት መልክ ነው። እኔ ስለ ማንጋ ተጽዕኖ ሲወራ ከየትኛውም የዓይን ሥዕል በፊት ትዝ የሚለኝ ይህ ነው።

ሁለተኛው ትልቅ ነገር ፍጻሜ ነው። የአሜሪካዎቹ ዋና ዋና ጀግኖች የኩባንያ ንብረት ናቸው፤ ደራሲ ይመጣል፣ ደራሲ ይሄዳል፣ ጀግናው ይቀጥላል። የሞተው ይነሳል፤ ያገባው ትዳሩ ይሰረዝበታል። ማንጋ ግን በአብዛኛው የአንድ ሰው ድርሰት ነው፤ ያ ሰው ሲጨርስ ታሪኩ ያልቃል። ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው ከጃፓን ወገን የተሠራ ሱፐርሂሮ ነው። ኮሄይ ሆሪኮሺ «ማይ ሂሮ አካዴሚያ»ን በሐምሌ 2014 ጀምሮ በነሐሴ 2024 ሲዘጋው 430 ምዕራፍ፣ 42 ቅጽ ሆኖ ነበር። ሆሪኮሺ የአሜሪካን ኮሚክ እንደሚወድ አይደብቅም። የታሪኩ ትልቁ ጀግና ኦል ማይት ከሌሎቹ ገጸ ባሕርያት በተለየ ስልት፣ በከባድ ጥላና በወፍራም መስመር፣ እንደ አሜሪካ ኮሚክ ጀግና ይሳላል፤ የቡጢዎቹ ስም የአሜሪካ ከተሞችና ግዛቶች ስም ነው። ጃፓናዊው የአሜሪካን ጀግና ወስዶ መጀመሪያና መጨረሻ ያለው ሕይወት ሰጠው። አንባቢው የታሪኩ ዋና ገጸ ባሕርይ የሆነው ልጅ ዴኩ ሲያድግ አይቷል፤ ሲጨርስም አይቷል። ብዙ የአሜሪካ ኮሚክ አድናቂዎች «እኛስ ለምን እንዲህ ያለ አይኖረንም?» ማለታቸው ቅናት ብቻ አይመስለኝም፤ የቆየ ረሃብ ነው።

መልስ ለመስጠት የሚሞክሩ አሉ። በመጋቢት 2024 ማርቭል ጃፓናዊቷ ሰዓሊ ፒች ሞሞኮ ራሷ የምትጽፈውንም የምትስለውንም የኤክስ ሜን (የታወቀ የጀግኖች ቡድኑን) አዲስ ተከታታይ ማውጣት ጀመረ፤ ታሪኩም የሚካሄደው ጃፓን ውስጥ ነው። አንድ እጅ ሲጽፍና ሲስል ከላይ ያልኩት የጊዜ አያያዝ ይቀላል፤ ዝምታን ማን ይጻፈው ማን ይሳለው የሚል ጭቅጭቅ አይኖርምና። ደራሲና ሰዓሊ ሲለያዩ ደራሲው ገጹን በንግግር ፊኛ የመሙላት ፈተና አለበት፤ ቃሉ የእሱ ድርሻ ስለሆነ።

ታዲያ አድናቂው ከወዲሁ መጠበቁና ማውራቱ ለምን ያን ያህል ያሳስባል? በአሜሪካ የኮሚክ ሱቆች ሥርዓት ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ ባለሱቁ እትሞቹን የሚገዛው በቅናሽ ሆኖ ካልተሸጡ አይመልሳቸውም። ኪሳራው የእሱ ነው። ስለዚህ በጥንቃቄ ያዛል፤ የሚያዘውም እትሙ ከመውጣቱ ከወራት በፊት ነው። አንደኛው እትም መደርደሪያ ላይ ሳይደርስ የሁለተኛው ትዕዛዝ፣ ብዙ ጊዜም የሦስተኛው፣ ተሰጥቷል። የሱፐርሂሮ ተከታታይ ይኑር አይኑር የሚለው ነገር መወሰን የሚጀምረው ማንም አንድ ገጽ ሳያነብ ነው ማለት ነው። በዝግታ ለሚጀምር ታሪክ ይህ እጅግ ከባድ ነው፤ ፍርዱ የመጀመሪያው ቡጢ ሳያርፍ ሊመጣ ይችላል። አድናቂው ለባለሱቁ «ይህን ያዝልኝ» ብሎ አስቀድሞ ሲናገር የሚሠራው ሥራ ከማውራት ያለፈ ነው። የጃፓኑ ሥርዓትም ርኅሩኅ አይደለም። በ1995 በአንድ ሳምንት ከ6.5 ሚሊዮን በላይ ቅጂ ያሳተመው ሾነን ጃምፕ የተባለ የማንጋ መጽሔት በአንባቢ ድምፅ እየመዘነ ያልተወደደውን በጥቂት ወራት ውስጥ ይዘጋል። ልዩነቱ እዚያ የሚፈርደው ቢያንስ ያነበበ ሰው መሆኑ ነው።

እንዲህ ያለ አዲስ ተከታታይ ቅድመ እይታ ሲለቀቅለት፣ አምስት ስድስት ገጽ ሲታይ፣ እኔ ፀጉሩን አላይም። መጀመሪያ የማየው ቃል የሌለበት ሳጥን እንዳለና ከሌለስ ስንት የንግግር ፊኛ እንዳለ ነው። ቀጥሎ ገጽ ሲገለጥ የሚመጣው ሥዕል ከመገለጡ በፊት የተዘጋጀለት መሆኑን፤ ማለትም የቀኙ ገጽ የመጨረሻ ሳጥን አንድ ጥያቄ ጥሎ መሄዱን። ከዚያ መግለጫው ላይ የእትሞቹ ብዛት ተጽፎ እንደሆነ፣ መጨረሻ የተቆረጠለት ታሪክ መሆን አለመሆኑን። ከዚህ ሁሉ በኋላ ደግሞ አንድ ነገር እፈልጋለሁ፤ ጀግናው ምንም የማያደርግበት አንድ ሳጥን፣ ለምሳሌ ጭምብሉን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ መስኮቱን ሲያይ።